ካርድ ያላወጣ ሰው የት ይቆጠራል?

ጥያቄ፦ «መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የተወለድኩት ቁንዝላ አካባቢ ነው። ባሕር ዳር ከመጣሁ ዓመታት አልፈዋል፤ አሁን ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ በአስተናጋጅነት እሠራለሁ። በ2007 ምርጫ ዕድሜዬ ደርሶ ነበር፣ አልመረጥኩም። በ2013ም አልመረጥኩም። አብረውኝ ከሚሠሩት ውስጥ የምርጫ ካርድ ያወጡት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አባቴ ግን አንድም ምርጫ አምልጦት አያውቅም። በስልክ ባወራን ቁጥር ‹ያልመረጠ አፉን ይዝጋ፤ እናንተ የከተማ ልጆች ሰነፎች ናችሁ፣ አገር አትወዱም› ይለኛል። እውነት ስንፍና ነው? ብዙ ሰው የማይመርጠው ለምንድን ነው? ደግሞስ መታወቂያዬ የቁንዝላ ስለሆነ እዚህ ልምረጥ ብል እችላለሁ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ባሕር ዳር ውስጥ ፖለቲካ ሳይንስ ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ በ2013ቱ ምርጫ ደግሞ የመራጮች ትምህርት የሚሰጡ ወጣቶችን አሠልጥኛለሁ። «ለምን አትመርጥም? ለምን አትመርጪም?» ብዬ የጠየቅኩት ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ የምነግርሽ ከመጽሐፍ ያገኘሁትን ብቻ አይደለም።

ከአባትሽ ቃል ልጀምር። ስንፍና አይደለም። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ተነስታ ለእንግዳ ቁርስ የምታሰናዳ፣ ማታ አራት ሰዓት ጠረጴዛ ጠርጋ የምትወጣ ልጅ ሰነፍ አትባልም። አገር አለመውደድም አይደለም፤ ካልመረጡት ሰዎች መካከል ስለ አገሩ ሲያወራ እንባ የሚተናነቀው ስንቱን አይቻለሁ። ሰው በአብዛኛው የማይመርጠው ወይ ቀደም ሲል የተሰጠ ድምፅ ምን ላይ እንደደረሰ ስላየ፣ ወይ ደግሞ ገና ከበሩ ማንም ስላልጠራው ነው። ሁለቱም ነገሮች የምርጫው ቀን ከመድረሱ ብዙ ቀደም ብለው ያለቁ ናቸው።

የመጨረሻውን በዓይኔ ያየሁት ስለሆነ እሱን አስቀድማለሁ። በ2013 ሚያዝያ፣ ሁዳዴ ሊፈታ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ አንድ የመራጮች ምዝገባ ጣቢያ ውስጥ ስከታተል ዋልኩ። አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት አስፈጻሚዎች፣ አንድ ትልቅ መዝገብ። ከጠዋት ጀምሮ የመጣው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው፤ አብዛኞቹ ነጠላ ያጣፉ እናቶችና ጡረተኞች ናቸው። አምስት ሰዓት ገደማ አንድ የባጃጅ ሹፌር ሞተሩን ሳያጠፋ በሩ ላይ ቆመና «ቶሎ ያልቃል?» አለ። «አምስት ደቂቃ ነው፣ ግባ» አለችው አስፈጻሚዋ። ገባ። መታወቂያውን አወጣ፤ ላስቲኩ የተላላጠ፣ ከሌላ ወረዳ የወጣ ነው። «እዚህ ከመጣህ ስንት ጊዜ ሆነህ?» «ሁለት ዓመት አልፎኛል።» «ታዲያ የዚህ ቀበሌ መታወቂያ የለህም?» «አከራዬ ቀበሌ ድረስ ሄዶ አይመሰክርልኝም።» ልጅቷ ልትረዳው ፈልጋለች። መመሪያዋን አገላበጠች፣ ለኃላፊዋ ደወለች፣ ስልኩ አልተነሳም። በዚህ መሃል ውጭ የቆመ ተሳፋሪ ጮኾ ጠራው። «በቃ፣ በኋላ እመጣለሁ» ብሎ ወጣ። ጣቢያው እስኪዘጋ ቆየሁ። አልመጣም።

ይህ ልጅ «አልመርጥም» ብሎ የወሰነበት ቀን የለም። ስለ ፓርቲ አልተናገረም፤ ስለ መንግሥትም ምንም አላለም። ሰኔ 14 ቀን ሲደርስ ግን ድምፅ መስጠት ከማይችሉት አንዱ ሆነ። የአንቺም የሥራ ባልደረቦች ታሪክ ከዚህ ብዙ የሚርቅ አይመስለኝም።

በአንዳንድ አገሮች መንግሥት የነዋሪዎችን መዝገብ ይዞ መራጩን ራሱ ይመዘግባል፤ ዜጋው የሚጠበቅበት በዕለቱ መገኘት ብቻ ነው። እኛ ዘንድ መራጩ ራሱ ሄዶ ካርድ ማውጣት አለበት። ስለዚህ ምርጫችን ሁለት ነው ብል ማጋነን አይሆንም፤ አንዱ ካርድ የሚወጣበት ወር ሲሆን ሌላው ኮሮጆው የሚቀመጥበት ቀን ነው። የመጀመሪያውን ያለፈ ሰው ሁለተኛውን እምብዛም አይቀርም። በ2013 የተመዘገበው ሰው ከ37 ሚሊዮን በላይ ነበር፤ ከተመዘገበውም ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ድምፅ ሰጥቷል ተብሎ ተገለጸ። ይህን የሰማ ሁሉ «አገሩ በሙሉ መርጧል» ይላል። ግን መቶኛው የወጣው ካርድ ካወጡት ላይ ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆንልሽ በምሳሌ ልንገርሽ። አንድ ሰፈር ውስጥ ለመምረጥ የደረሱ መቶ ሰዎች አሉ እንበል። ስልሳው ካርድ አወጡ፤ ከስልሳው ሃምሳ አራቱ መረጡ። ሪፖርቱ «90 በመቶ መራጭ ወጣ» ይላል፤ ውሸትም አይደለም። ከመቶው ጎረቤት ግን አርባ ስድስቱ አልመረጠም፤ ከእነዚህ ውስጥ አርባው በየትኛውም ቅጽ ላይ የለም። አገራችን ውስጥ ስላለመምረጥ ብዙ የማይወራው ሰው ስለመረጠ ሳይሆን ያልመረጠው ሰው ከቁጥሩ ውጭ ስለቀረ ነው ብዬ አምናለሁ። በ2013ም የምዝገባው ጊዜ እንዲራዘም የተደረገው ካርድ የሚያወጣው ሰው ቁጥር ዝቅተኛ ስለነበር ነው፤ ከምርጫው በኋላ ግን ያንን ያስታወሰ ብዙ ሰው አላየሁም።

ለመሆኑ ከበሩ የሚቀረው ማን ነው? ባሕር ዳር ላይ ብታስተውይ ተከራዩ ነው። ቤት በየዓመቱ የሚቀይር፣ መታወቂያው የትውልድ ቀበሌው የሆነ፣ ከተማው ውስጥ እድር የሌለው። እድርን ያነሳሁት በምክንያት ነው። እድር ያለው ሰው ስሙ በሰፈሩ ይታወቃል፤ ለቅሶም ይጠራል፣ ስብሰባም ይጠራል፣ ካርድ የሚወጣበት ሰሞንም «አወጣህ ወይ?» የሚለው ጎረቤት አያጣም። ሆቴል፣ ግንባታ ወይም ባጃጅ ላይ የሚሠራ ወጣት ግን በሰፈሩ የሚያውቀው አከራዩን ብቻ ነው፤ አከራዩም የሚያንኳኳው ኪራይ ሲደርስ ነው። እኛ ጠሪ አክባሪ የምንል ሕዝብ ነን። ያልተጠራ ሰው ደግሞ ሠርግም አይሄድም።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 አላን ገርበርና ዶናልድ ግሪን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ኒው ሄቨን በምትባል የአሜሪካ ከተማ መራጮችን በዕጣ ከፋፍለው ሞከሩት። ለአንዳንዱ ደብዳቤ ተላከለት፣ ለአንዳንዱ ስልክ ተደወለለት፣ የአንዳንዱ በር ተንኳኩቶ ፊት ለፊት «ይምረጡ» ተባለ። ስልኩ ምንም አልፈየደም ማለት ይቻላል፤ ደብዳቤው በጥቂቱ ረዳ። በሩ የተንኳኳለት ሰው ግን በግልጽ በሚታይ መጠን በብዛት ወጥቶ መረጠ። በር አንኳኪው ስለ ፓርቲ አልሰበከም፤ ጉቦም አልሰጠም። ሰው ሆኖ መጥቶ ጠራ፣ ያ ብቻ ነው።

አሁን ወደ አባትሽ እንምጣ። እሳቸው በየምርጫው የሚገኙት ከአንቺ ይልቅ አገር ስለሚወዱ ነው? በአውሮፓና በአሜሪካ የተማረና ገቢው የተሻለ ሰው በብዛት ይመርጣል፤ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ግን የገጠሩ ሰው ከከተሜው በልጦ እንደሚመርጥ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ምክንያቱ የተለያየ ነው። ገጠር ውስጥ ሁሉም ይተዋወቃል፤ ማን ካርድ እንዳወጣ፣ ማን እንዳላወጣ አይሰወርም። በኢሕአዴግ ዘመን ደግሞ የልማት ቡድንና አንድ ለአምስት የሚባል አደረጃጀት ነበር፤ አንዱ አምስቱን ይዞ ወደ ስብሰባም ወደ ምርጫ ጣቢያም ያመጣል። ካርድ ካላወጣሁ ማዳበሪያ ሲመጣ፣ ብድር ሲታደል ስሜ ይዘለላል የሚል ፍርሃትም በገጠር ሰፊ ነበር። ይህን ስል አባትሽ ተገደው መረጡ እያልኩ አይደለም። በእሳቸው ዕድሜ ያሉ ብዙ ገበሬዎች ድምፅ መስጠትን እንደ ዜግነት ክብር ያዩታል፤ ጣታቸው ላይ ቀለሙ እስኪለቅ ድረስ የሚኮሩ ሽማግሌዎች አውቃለሁ። ግን እሳቸውን ከቤት የሚያወጣቸው ክብርም፣ ጎረቤትም፣ ስጋትም አብሮ ነው። አንቺን ከሆቴሉ የሚያወጣሽ ከሦስቱ የትኛው ነበር?

አንድ ጊዜ ተማሪዎቼን «ለምን አትመርጡም?» ስል ከኋላ የተቀመጠ ልጅ «መምህር፣ የእኔ አንድ ድምፅ ምን ይለውጣል?» አለኝ። ይህ ጥያቄ ለሙያችን አዲስ አይደለም። አንቶኒ ዳውንስ የተባለ አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1957 ይህንኑ ነገር በሒሳብ አስቀምጦታል። ምርጫው በአንድ ድምፅ ልዩነት የመወሰን ዕድሉ ከምንም የማይቆጠር ነው፤ ለመምረጥ የሚጠፋው ጊዜና ድካም ግን እውነተኛ ነው። በዚህ ሒሳብ ከሄድን ሊያስገርመን የሚገባው ያልመረጠው ሰው ሳይሆን የመረጠው ነው። ከዳውንስ በኋላ የመጡ ምሁራን በሒሳቡ ላይ አንድ ነገር ጨመሩበት፤ እሱም ሰው ከመምረጡ በራሱ የሚያገኘው እርካታ ነው። ግዴታዬን ተወጣሁ፣ ከሰው ተቆጠርኩ የሚለው ስሜት። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ድካሙን የሚያስረሳው ያ ስሜት ነው። ስሜቱ ግን ከሰማይ አይወርድም፤ በተሞክሮ ይገነባል፣ በተሞክሮም ይፈርሳል።

እንዴት እንደሚፈርስ ደግሞ የእኛን ታሪክ ማየት ይበቃል። አገራችን ውስጥ ሕዝብ እንደራሴውን በቀጥታ እንዲመርጥ የተፈቀደው በ1948 በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው፤ በዘመኑ ግን ፓርቲ አልነበረም። በደርግ ጊዜ የሸንጎ ምርጫ ነበር፤ የሚወዳደሩትን የሚያቀርበው አንዱ ፓርቲ ነው። ከዚያ 1987 እና 1992 መጡ። 1997 ሲደርስ ነገሩ ተለወጠ። በቴሌቪዥን ክርክር ተሰማ፣ ግንቦት 7 ቀን ሰው ገና ሳይነጋ ተሰለፈ፤ ተቃዋሚዎች ከ547ቱ የፌዴራል ወንበሮች ከ170 በላይ አገኙ፤ አዲስ አበባ ላይ 23ቱንም ያሸነፈው ቅንጅት የተባለው የተቃዋሚዎች ጥምረት ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን አባትሽም ያስታውሳሉ። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ሰው ሞተ፤ የተመረጡት መሪዎች ታሰሩ። በሚቀጥለው ምርጫ፣ በ2002፣ ገዥው ፓርቲና አጋሮቹ 545 ወንበር ወሰዱ። በ2007 ደግሞ 547ቱንም።

አሁን አንቺ የመጀመሪያ ምርጫሽ የትኛው እንደነበር አስቢ። 2007 ነው። የምርጫ ተመራማሪዎች ከሚስማሙባቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ መምረጥ ልማድ ነው የሚለው ነው። ሰው ዕድሜው በደረሰ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ምርጫዎች ከመረጠ ዕድሜ ልኩን ይመርጣል፤ ከቀረ ደግሞ መቅረቱም ልማድ ይሆናል። እነዚያ የመጀመሪያ ምርጫዎች ማን እንደሚያሸንፍ የማይታወቅባቸው፣ ልብ የሚሰቅሉ ከሆኑ ወጣቱ ይወጣል። ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ከሆነ ቤቱ ይውላል። የአንቺ ትውልድ ወደ ፖለቲካ የገባው ከ547 ወንበር አንድም የሌላ ሰው ባልተቀመጠበት ምርጫ ነው። እንዲህ ባለ በር የገባን ሰው «ለምን ልማድ የለህም?» ብሎ መውቀስ ፍትሕ አይመስለኝም።

አዛውንቶቻችን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይሉ ነበር። የእኔ ዕድሜ ሰው ደግሞ «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» ብሎ ልጁን አሳደገ። ይህ ቃል ፌዝ አይደለም፤ ብዙ እናት ልጇን ከቀበረች በኋላ የተማረችው ነው። ባሕር ዳርም ሰው የተገደለበትን የነሐሴ 2008ን ሰልፍና የክልሉ መሪዎች የተገደሉበትን የሰኔ 15 ቀን 2011ን ማታ አልረሳችም። በ2013 ምርጫ ሰሞን አንዲት እናት «ካርዱን አወጣለሁ ልጄ፣ ልጆቼ ግን ባያወጡ እመርጣለሁ» አሉኝ። ስማቸው መዝገብ ላይ ከገባ አንድ ቀን ይፈለጋሉ ብለው ሰግተው ነው። ድምፅ ምስጢር መሆኑን፣ መዝገቡ ማን እንደተመዘገበ እንጂ ማንን እንደመረጠ እንደማይናገር ነገርኳቸው። አዳመጡኝ፤ ያመኑኝ ግን አይመስለኝም። ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልላችን ስላለው ግጭት ደግሞ ምን እላለሁ? መንገድ በተዘጋበት፣ ሰው ከቤቱ ወጥቶ መመለሱን በሚጠራጠርበት ቦታ «ለምን አትመርጥም?» ብሎ መጠየቅ ራሱ ነውር ነው።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም በላይ ያንገበግበኛል፤ ብዙ ሰውም ልብ አይለውም። የሰው ኑሮ ያለው ቀበሌ ውስጥ ነው። መታወቂያ የሚሰጠው፣ ውኃው ሲጠፋ የሚጠየቀው፣ የሰፈሩ ድልድይ በክረምት ሲወሰድ ሰው የሚያሰባስበው፣ የመሬት ነገር መጀመሪያ የሚነሳው እዚያ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለታችኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጣል ይላል። የቀበሌና የወረዳ ምክር ቤት ምርጫ በክልላችን ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው ግን በ2005 ሚያዝያ ነው። ከዚያ በፊት በ2000 ሲካሄድ በመላ አገሪቱ ከ3.5 ሚሊዮን የሚበልጥ ወንበር ነበር፤ ዋና ዋናዎቹ ተቃዋሚዎች ስለወጡ ለሌላ ወገን የደረሰው በጣት የሚቆጠር ሆነ። በ2010 መካሄድ የነበረበት ደግሞ ተራዘመ፤ እንደተራዘመ ቀረ።

እስቲ ይህን ከራስሽ ጋር አገናዝቢው። አንቺ በዕድሜሽ የቀበሌሽን ምክር ቤት መርጠሽ አታውቂም፤ ዕድሉም አልመጣልሽም ማለት ይቻላል። መምረጥ ምን እንደሚመስል፣ የመረጥሽው ሰው ነገ መንገድ ላይ ሲያገኝሽ እንዴት አንገቱን እንደሚደፋ ወይም ቀና እንደሚል የሚታየው በትንሹ ምርጫ ነው። ስድሳ ተማሪዎች ባሉበት ክፍል «የምክር ቤት ተወካያችሁን ስም የሚያውቅ እጁን ያውጣ» ብዬ አውቃለሁ። ሁለት እጅ ወጣ፤ አንደኛው የአጎቱ ልጅ ስለሆነ ነው። «የቀበሌያችሁን ሊቀመንበር የሚያውቅስ?» ስል ከግማሽ በላይ አወጡ። ሰው የሚያውቀውን መምረጥ አልቻለም፤ የሚመርጠውን ደግሞ አያውቀውም። የቀበሌ ምርጫ በጊዜው ቢካሄድ ኖሮ ባዶውን የምዝገባ ጠረጴዛ ከየትኛውም የሬዲዮ ማስታወቂያ የተሻለ ይሞላው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ እንዳይመስልሽ። እ.ኤ.አ. በ2023 ናይጄሪያ ፕሬዚዳንቷን ስትመርጥ ካርድ ካላቸው መካከል የወጣው ከሦስት አንድ እንኳ አልሞላም። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 ያ ሁሉ ሰው ለኪሎ ሜትሮች ተሰልፎ የመረጠባት አገር ነች፤ በ2024 ከተመዘገበው ስድሳ በመቶው እንኳ አልወጣም። ወደ ኋላ ከሄድን እ.ኤ.አ. በ1923 ቺካጎ ውስጥ ቻርልስ ሜሪያምና ሃሮልድ ጎስኔል ያልመረጡ ወደ ስድስት ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን ቤት ለቤት ጠይቀው ነበር። ከምክንያቶቹ መካከል ሕመም፣ ከከተማ መራቅ፣ ግድ ማጣት አሉ፤ «ምርጫ የወንድ ሥራ ነው» ያሉ ሴቶችም ነበሩ። ይህን ለሴት ተማሪዎቼ ስነግራቸው ይስቃሉ፤ ከዚያ አንዷ ቀስ ብላ «እናቴም ‹አባወራው መርጧል› ነው የምትለው» ትላለች።

አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1924 መምረጥን በሕግ ግዴታ አደረገች፤ ከዚያ በፊት ከስድሳ በመቶ በታች የነበረው መራጭ በቀጣዩ ምርጫ ከዘጠና በላይ ሆነ። «እኛስ ለምን አናደርገውም?» የሚለኝ ሰው አለ። እኔ አልደግፈውም። ሰው ፈርቶ ካርድ እንዲያወጣ ለማድረግ አዲስ ሕግ አያስፈልገንም፤ ፍርሃቱ ድሮም ነበረን። የጎደለን ሳይፈራ የሚያወጣ ሰው ነው።

እስካሁን ያልተጠሩትንና የሰጉትን አነሳሁ። አውቀው፣ አስበው የማይመርጡም አሉ። «ድምፅ ብሰጥ ለማልፈልገው ነገር ሽፋን እሆናለሁ» የሚሉ። እነዚህን አከብራቸዋለሁ፤ ሕጉም ያከብራቸዋል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 መምረጥ መብት ነው እንጂ ግዴታ አይደለም፤ «ያልመረጠ አፉን ይዝጋ» የሚለው የአባትሽ ቃልም በሕግ አይቆምም። ግብር የምትከፍል፣ ውኃ የምትጠብቅ፣ ልጅ የምታስተምር ሴት መረጠችም አልመረጠችም የመናገር መብቷ ያው ነው። ከእነዚህ ወንድሞቼና እህቶቼ ጋር የማልስማማው በአንድ ነገር ነው። ዝምታችን ይሰማል ብለው ያስባሉ። ሲሰማ ግን አላየሁም።

በሰኔ 14 ቀን 2013 ማታ በታዛቢነት ቆጠራ ላይ ነበርኩ። ድምፅ የሚሰጥበት ሰዓት እስከ ማታ ሦስት ሰዓት ተራዝሞ ስለነበር ኮሮጆው የተከፈተው ሁሉም ሰው ከደከመው በኋላ ነው። አንዷ አስፈጻሚ ወረቀቱን አንድ በአንድ እየገለጠች ለፓርቲ ወኪሎች ታሳያለች፤ ሌላው በስልክ መብራት እየታገዘ ምልክት ያደርጋል። መሃል ላይ አንድ ወረቀት ወጣ። የትኛውም ምልክት አጠገብ አልተመረጠም፤ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በተንቀጠቀጠ የእጅ ጽሑፍ «መጀመሪያ ውኃ» ተብሎ ተጽፎበታል። ልጅቷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው። ማንም አልሳቀም። አንዱ ወኪል «የእኛም ሰፈር እንደዚሁ ነው» አለ። ወረቀቱ ዋጋ አልባ ከሚባሉት ጋር ተቀመጠ፣ ተቆጠረ፣ ቅጹ ላይ ከነቁጥሩ ገባ። የጣቢያው ውጤት በር ላይ ሲለጠፍ ያ ሰው፣ ስሙ ባይታወቅም፣ ዋጋ አልባ ከሚለው ረድፍ ውስጥ አለ። ካርድ አውጥቶ የቀረውም ከተመዘገበው ላይ የመረጠው ሲቀነስ ይታያል። የባጃጁ ልጅ ግን በየትኛውም ረድፍ የለም። ተቆጥቶ ይሁን ቸኩሎ፣ ተስፋ ቆርጦ ይሁን ሳይጠራ ቀርቶ፣ ቅጹ አያውቀውም።

ወረቀት አበላሺ እያልኩሽ አይደለም። ካርድ አውጪና ከዚያ በኋላ በልብሽ ያለውን አድርጊ ነው የምልሽ፤ አንዱን መምረጥ፣ ሁሉንም አለመምረጥ፣ በዕለቱ ቤትሽ መዋልም የአንቺ ነው። ካርድ ካለሽ መቅረትሽም ይቆጠራል።

ወደ መጨረሻው ጥያቄሽ እንሂድ። አዎ፣ እዚህ መምረጥ ትችያለሽ። የምርጫ ሕጉ የሚጠይቀው ኢትዮጵያዊት መሆንሽን፣ 18 ዓመት መሙላትሽንና በምርጫ ክልሉ ውስጥ ቢያንስ ስድስት ወር መኖርሽን ነው። የት ተወለድሽ አይልም። ችግሩ መኖርሽን የሚያሳይ ወረቀት ነው፤ ስለዚህ ምዝገባው ሲታወጅ ሳይሆን አሁኑኑ ጀምሪው። ከቁንዝላ ቀበሌሽ መሸኛ ያስፈልግሻል። በእሱ እዚህ ያለሽበት ቀበሌ መታወቂያ ትጠይቂያለሽ፤ እዚያም አከራይሽን ይፈልጓቸው ይሆናል። እንደ ባጃጁ ልጅ አከራይ እንዳያስቸግርሽ የኪራይ ውልሽን በጽሑፍ አድርጊው፤ ከቀጣሪሽም የሥራ ደብዳቤ ያዢ። በሁለት ቦታ መመዝገብ ወንጀል ስለሆነ ቁንዝላ ስምሽ ተመዝግቦ ከነበረም አረጋግጪ። ለመሸኛው ቁንዝላ ድረስ ለመሄድ ፈቃድ ከማውጣትሽ በፊት አባትሽ ቀበሌው ቅርባቸው ነውና ምን ምን እንደሚጠይቁ አስቀድመው ይጠይቁልሽ። ማታ ስትደውይላቸው በዚህ ጀምሪ።